ሪስፔሪዶን የምትወስድ ልጅ ወር አበባዋ ቀረ፣ ጡቷም ወተት አወጣ፤ ምን ይደረግ?

ጠያቂ፦ ነርስ ከጤና ጣቢያ

ጤና ይስጥልኝ። የሥነ አእምሮና የሆርሞን ነገር የምታውቁ ባለሙያዎች ብታግዙኝ። ታካሚዋ የ21 ዓመት ሴት ናት። ስኪዞፍሬኒያ ተብላ ሪስፔሪዶን 4 ሚ.ግ. ማታ ማታ ትወስዳለች፤ ከጀመረች 8 ወር ሆኗታል። ድምፅ መስማቱ ጠፍቷል፣ እንቅልፏ ተስተካክሏል፣ ወደ ሥራዋም ተመልሳለች። ነገር ግን ወር አበባዋ ከቀረ 5 ወር አለፈው። ሰሞኑን ደግሞ ከሁለቱም ጡቶቿ ነጭ ፈሳሽ መውጣት ጀምሯል። የሽንት የእርግዝና ምርመራ በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ኔጌቲቭ ነው። እናትየዋ ግን «ያላረገዘች ሴት ወተት ከየት ታመጣለች?» ብላ አላመነችም። ልጅቷም በኀፍረት ኪኒኑን ልትተው ነው።

ይህን ያመጣው መድኃኒቱ ነው ብዬ ነው የማስበው፤ እንዴት እንደሚያመጣው ግን ለቤተሰቡ በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። የትኛው ምርመራ ነው የሚቀድመው? መድኃኒቱስ ይቀየር ወይስ ይቁም?

መልስ 1፦ ሳይካትሪ ክፍል

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ኪኒኑ በድንገት እንዳይቆም አድርጊ። በ8 ወር የተገኘው ጤና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊፈርስ ይችላል፤ ያገረሸ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ለማዳን ይከብዳል። ወተቱ የሚያሳፍር ቢሆንም ዛሬ ሕይወቷን አያሰጋም። ለማስተካከል ጊዜ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለችው ፒቱታሪ ዕጢ ብዙ ሆርሞኖች ታመነጫለች። አብዛኞቹ ከላይ ካለው፣ ሃይፖታላመስ ከተባለው የአንጎል ክፍል «ልቀቂ» የሚል ትእዛዝ ካልመጣ አይወጡም። ወተት የሚያስመነጨው ሆርሞን ፕሮላክቲን ግን ተቃራኒው ነው፦ ሴሎቹ ሁልጊዜ ለመልቀቅ የተዘጋጁ ናቸው፣ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ ነው ይዟቸው የሚኖረው። ዶፓሚኑ ከሃይፖታላመስ በትናንሽ የደም ሥሮች ወርዶ በሴሎቹ ላይ ያለውን ዲ-2 የተባለ ተቀባይ ይነካና ያረጋጋቸዋል። ሪስፔሪዶን ደግሞ ሥራው ዲ-2ን መዝጋት ነው። የምንፈልገው ድምፅ መስማትና ጥርጣሬ በሚያስነሣው የአንጎል ክፍል እንዲዘጋልን ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ቦታ አይመርጥም፣ ፒቱታሪም ላይ ይዘጋል። ከዚያ ፕሮላክቲኑ ልጓሙን ይጥላል።

ሪስፔሪዶን ከሌሎቹ የሚከፋበት ምክንያት አለው። ፒቱታሪ አንጎልን ከደም ከሚለየው አጥር ውጭ ናት። ሪስፔሪዶንና በጉበት ተለውጦ የሚወጣው ፓሊፔሪዶን ወደ አንጎል ለመግባት ሲሞክሩ በአጥሩ ላይ ያለ ፕሮቲን መልሶ ያስወጣቸዋል። ስለዚህ አንጎል በቂ እስኪያገኝ ድረስ ፒቱታሪ ከሚገባት በላይ ትቀበላለች።

ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነም እንይ። ሃሎፔሪዶል በተባለ ሌላ የሥነ አእምሮ መድኃኒት ላይ ፔት በተባለው የአንጎል ምስል የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ሕመምተኛው መሻል የሚጀምረው ከዲ-2 ተቀባዮቹ 65 በመቶ ያህሉ ሲያዙ ነው፤ ፕሮላክቲን ከፍ የሚለው ከ72 በመቶ በላይ፣ መንቀጥቀጥና መገተር የሚመጣው ከ78 በመቶ በላይ ሲያዝ ነው። በማዳኑና በወተቱ መካከል ያለው ክፍተት 7 ነጥብ ብቻ ነው። «ትንሽ እንጨምርላት» የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ጥቅም ሳይጨምር ጉዳቱን ብቻ የሚያበዛው ለዚህ ነው።

ወር አበባው የቀረበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ፕሮላክቲን ሲበዛ ሃይፖታላመስ ውስጥ ኪስፔፕቲን የተባለ መልእክተኛ የሚያመነጩ ሴሎችን ያዳክማል። እነሱ ሲደክሙ በየ60 እስከ 90 ደቂቃ በምት ይወጣ የነበረው ጂኤንአርኤች፣ ማለትም ፒቱታሪን የሚያዘው ሆርሞን፣ ይቀዘቅዛል፤ ፒቱታሪ እንቁልጢን (ኦቫሪን) የሚያነቁትን ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሆርሞኖች አትልክም፤ እንቁላል አይወጣም፣ ኢስትሮጅን ይወርዳል። ወር አበባ መቅረቱ፣ የብልት መድረቅ፣ የፍላጎት መጥፋት፣ ዓመታት ሲቆይ ደግሞ የአጥንት መሳሳት ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ለእናትየዋ ስታስረጂ ይህን ሁሉ ተዪው። «አራስ ሴት እያጠባች ሳለ ወር አበባዋ ይዘገይ የለም? መድኃኒቱ ያንኑ የማጥባት ሆርሞን አነሣባት፤ ሰውነቷ የምታጠባ እናት መስሎታል» በያት። እናት ነችና ይህን ታውቀዋለች፣ ትረዳሻለች። ከዚያ በፊት ግን ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግሪያትና ለእናቷ ይነገር እንደሆነ ፈቃዷን ጠይቂ። 21 ዓመቷ ነው፣ የራሷ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂያት፦ ቆመ አልቆመም ብላ በየቀኑ ጡቷን እየጨመቀች ከሆነ ታቁም። የጡት ጫፍ ሲነካ መልእክቱ በነርቭ ወደ ሃይፖታላመስ ሄዶ ፕሮላክቲኑን ይጨምረዋል፤ ማየቱ ራሱ ወተቱን ያስቀጥላል። ጠበብ ያለ ጡት መያዣና በውስጡ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃታል። ፈሳሹ ደም የቀላቀለ ወይም ከአንዱ ጡት ብቻ፣ ከአንድ ቀዳዳ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ጡቷ መመርመር ነበረበት።

መልስ 2፦ የላብራቶሪ ሰው

ምርመራው እርግዝና፣ ፕሮላክቲን፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ) እና ክሪያቲኒን (የኩላሊት) ነው። ቲኤስኤች የሚጠየቀው የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ሃይፖታላመስ ቲአርኤች የተባለ ሆርሞን ስለሚያበዛና እሱም ፕሮላክቲንን ስለሚቀሰቅስ ነው። እንቅርት በሚበዛበት አካባቢ ከሆናችሁ ይህ እንዳይዘለል። ኩላሊት ከደከመም ፕሮላክቲን ከደም አይወገድም።

ደሙ ሲቀዳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፕሮላክቲን በእንቅልፍ ሰዓት ከፍ ይላል፣ ከእንቅልፍ እንደተነሡም ገና አልወረደም። ስለዚህ ከነቃች ቢያንስ 2 ሰዓት አልፎ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትምጣ። እንደደረሰች ወዲያው አትቅዷት፤ 20 ደቂቃ ተቀምጣ ትረፍ። የደም ሥሩ ጠፍቶ ሦስት አራት ጊዜ የተወጋች ሴት በድንጋጤ ብቻ 30 እና 40 ናኖግራም ልታሳይ ትችላለች። በዚያ ቀን ጡት አይመርመር፣ ቢያስፈልግም ከደሙ በኋላ ይሁን።

የውጤቱን መለኪያ ደግሞ አረጋግጡ። አንዱ ላብራቶሪ በናኖግራም በሚሊ ሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በሚሊ ዩኒት በሊትር። 1 ናኖግራም ወደ 21 ሚሊ ዩኒት ያህል ነው። «ፕሮላክቲኗ 900 ሆነ» ተብሎ ቤተሰብ የሚደናገጠው አንዳንዴ 900 ሚሊ ዩኒት ማለት 43 ናኖግራም መሆኑ ስላልታየ ነው። ላላረገዘች ሴት እስከ 25፣ ለወንድ እስከ 20 ናኖግራም ድረስ ጤናማ ነው፤ መሣሪያው የሚሰጠውን የራሱን ወሰን ግን ቅድሚያ ስጡት።

መድኃኒት ያመጣው ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 100 ባለው ውስጥ ይውላል። ሪስፔሪዶን ከ200 በላይም ሊያደርሰው ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን የፒቱታሪ እባጭ (ቱመር) ነው አይባልም። ሆኖም ከ150 በላይ ሲሆን፣ ወይም አዲስ ራስ ምታትና የእይታ ለውጥ ሲኖር፣ ወይም ወር አበባው ከመድኃኒቱ በፊት የቀረ ከሆነ የፒቱታሪ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ያስፈልጋል።

ሌላም አለ፦ ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን። ከፍ ባለ መጠን የሚወስድ ሰው ላይ በአንዳንድ መሣሪያዎች ፕሮላክቲንንም ቲኤስኤችንም በሐሰት ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ቢያንስ 2 ቀን አቁማ ትምጣ። እንዲሁም ቁጥሩ ከፍ ብሎ ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ካገኛችሁ ማክሮፕሮላክቲን እንዲጣራ ጠይቁ፤ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ በደም ውስጥ የሚዞር፣ ሥራ የማይሠራ ፕሮላክቲን ነው። የእናንተዋ ግን ምልክቱ አፍጥጦ የሚታይባት ናት።

መልስ 3፦ ፋርማሲስት

መጀመሪያ የምትወስደውን ሁሉ አስቆጥሯት፤ የሐኪም ማዘዣ ያለውን ብቻ ሳይሆን። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላዚል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ እሱም ዲ-2 ዘጊ ነው። ጨጓራ አመመኝ ብላ ከመድኃኒት ቤት ፕላዚል እየገዛች ሪስፔሪዶን የምትወስድ ሴት ሁለት መዝጊያ ነው የምትውጠው። ዶምፔሪዶንም እንዲሁ። ለደም ግፊት የሚሰጡት ሜቲልዶፓና ቬራፓሚልም ፕሮላክቲን ያነሣሉ።

ከሥነ አእምሮ መድኃኒቶቹ ፕሮላክቲንን አብዝተው የሚያነሡት ሪስፔሪዶን፣ ፓሊፔሪዶን፣ አሚሰልፕራይድ፣ ሃሎፔሪዶልና ፍሉፌናዚን ናቸው። ክሎርፕሮማዚን መካከለኛ ነው። ኦላንዛፒን ጥቂት ያነሣል፤ ኩዊቲያፒንና ክሎዛፒን እምብዛም። አሪፒፕራዞል ደግሞ ያወርደዋል።

መንገዶቹ እንግዲህ ሦስት ናቸው፣ ምርጫው የሳይካትሪስቱ ነው። አንደኛው መጠን መቀነስ፦ ከ4 ወደ 3 ሚ.ግ. አውርዶ ሳምንታት መጠበቅ። ቀላል ነው፣ ነገር ግን ሪስፔሪዶን በ2 ሚ.ግ.ም ወተት ሊያመጣ ስለሚችል ብዙ ተስፋ አይጣልበት። ሁለተኛው ወደ ሌላ መቀየር፦ ለምሳሌ ኦላንዛፒን 5 ሚ.ግ. ጀምሮ ወደ 10 እያሳደጉ ሪስፔሪዶኑን በ3 እና 4 ሳምንት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ማውረድ። ስህተቱ የሚፈጠረው የድሮውን በአንድ ቀን አቁሞ አዲሱን በማግስቱ ሲጀመር ነው። ኦላንዛፒን ክብደትና ስኳር ስለሚጨምር ሲጀመር ክብደቷን፣ የወገብ ዙሪያዋንና የጾም ስኳሯን መዝግቡ፣ ከ3 ወር በኋላ ድገሙት።

ሦስተኛው ሪስፔሪዶኑን ሳይነኩ አሪፒፕራዞል 2.5 ወይም 5 ሚ.ግ. ጠዋት መጨመር ነው። አሪፒፕራዞል ዲ-2ን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላውን መድኃኒት ከቦታው ይገፋል፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ እንደ ዶፓሚን በከፊል ይቀሰቅሰዋል። ፒቱታሪ የምትፈልገው ያንን ነው። በደም ውስጥ መጠኑ ግማሽ የሚሆነው በ75 ሰዓት ገደማ ስለሆነ 2 ሳምንት ሳይሞላ «አልሠራም» አይባልም፤ በ4ኛው ሳምንት ፕሮላክቲኑን ድገሙ። መቀመጥ አቅቷት እግሯን እያወዛወዘች ወዲያ ወዲህ የምትል ከሆነ አካቲዚያ የተባለ የመድኃኒት ጉዳት ነው፣ ሕመሙ አገረሸ ብላችሁ መጠን እንዳትጨምሩ። ፕሮላክቲን ለማውረድ የሚሰጠውን ካበርጎሊንን ግን በራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ ዶፓሚንን የሚቀሰቅስ ስለሆነ ሳይኮሲሱን ሊያስነሣ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው። ፕሮላክቲኑ ሲወርድ እንቁላል መውጣት ይጀምራል፣ እንቁላሉ ደግሞ ከመጀመሪያው ወር አበባ በፊት ነው የሚወጣው። «ወር አበባ የለኝም፣ አላረግዝም» ብላ የቆየች ሴት መድኃኒቷ በተቀየረ በወሩ ልታረግዝ ትችላለች። የወሊድ መከላከያው ነገር መድኃኒቱ በሚቀየርበት ቀን ይነሣ፣ በኋላ አይደለም። የመከላከያ መርፌው ዲፖ ወር አበባን ራሱ ስለሚያስቀርና አጥንትንም ስለሚነካ እዚህ ላይ ነገሩን ያደበላልቀዋል፤ ሉፕ ወይም ኢምፕላኖን ይሻላታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ካርባማዜፒን የምትወስድ ከሆነ ግን ኢምፕላኖንም የሚዋጠውም እንክብል ይዳከማሉ፣ ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ ይሰብረዋልና። ካርባማዜፒን ሪስፔሪዶኑንም ያወርዳል።

ጠያቂ (ከ3 ሳምንት በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ፕሮላክቲኗ 96 ናኖግራም ሆነ፣ ቲኤስኤች እና ክሪያቲኒን ደህና ናቸው። ራስ ምታት የለባትም። ፕላዚል የሚለውን ስጠይቃት በሳምንት ሦስት አራት ቀን ትወስድ ነበር! ተቋርጧል። ሳይካትሪስቱ አሪፒፕራዞል 5 ሚ.ግ. ጨምሮላታል። የማጥባቱን ምሳሌ ስነግራት እናትየዋ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሌላ ልጅ አለች። 15 ዓመቷ ነው፣ ሃሎፔሪዶል ከጀመረች 4 ወሯ። ወር አበባ ፈጽሞ አይታ አታውቅም፣ ጡቷም አላደገም። ይህም መድኃኒቱ ይሆን?

መልስ 4፦ የሆርሞን ሕክምና

አይደለም፣ ወይም መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም። ዘመኑን ቁጠሩት፦ የጡት ጉጥ ከታየ በኋላ የመጀመሪያው ወር አበባ እስኪመጣ 2 ዓመት ተኩል ያህል ይወስዳል። በ15 ዓመቷ ጉጥ እንኳ የሌላት ልጅ ነገሩ የተጀመረው ሃሎፔሪዶሉ ከመምጣቱ ዓመታት በፊት ነው። በ13 ዓመት ጡት ካልጀመረ መመርመር ነበረበት። ለወንድ ልጅ ወሰኑ 14 ዓመት ነው፣ የቆለጡ መጠን ከ4 ሚሊ ሊትር ካነሰ። ጡቷ አድጎ ወር አበባ ብቻ የቀረ ቢሆን ኖሮ ፕሮላክቲኑን ነበር በመጀመሪያ የምጠረጥረው።

የብብትና የብልት ፀጉር እንዳያታልላችሁ። እሱ ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ዕጢ በሚወጣ ሆርሞንም ይበቅላል፤ እንቁልጢ ነቅቷል ማለት አይደለም።

ኤፍኤስኤችና ኤልኤች አሠሩላት። ኤፍኤስኤች በጣም ከፍ ካለ አንጎሉ እየጮኸ ነው፣ የማይሰማው እንቁልጢው ነው። ቁመቷ ከእኩዮቿ በጣም አጥሮ ከሆነ ተርነር ሲንድሮም አንዱ ምክንያት ነው፤ የክሮሞዞም ምርመራ ያስፈልጋል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ችግሩ ከላይ፣ ከአንጎል ነው። ያኔ ክብደቷን፣ የአመጋገቧን ሁኔታና የቆየ ሕመም እንዳለባት አጣሩ፤ ሰውነት በቂ ስብና ጉልበት ከሌለው ጂኤንአርኤችን አይጀምርም። ከባድ የሥነ አእምሮ ሕመም ይዟት ወራት ሳትበላ የቆየች ልጅ ላይ ይህ ይታያል።

ቀጥሎ ስለ ማሽተቷ ጠይቋት። ነገሩ ሩቅ ይመስላል፣ ግን ጂኤንአርኤች የሚያመነጩት ሴሎች የሚፈጠሩት በፅንሱ አፍንጫ ውስጥ ነው። ከዚያ የማሽተት ነርቭን ተከትለው ወደ ሃይፖታላመስ ይጓዛሉ። ጉዞው ሲሰናከል ሴሎቹ ቦታቸው አይደርሱም፤ የማሽተት ነርቩም አብሮ ሳያድግ ይቀራል። ካልማን ሲንድሮም ይባላል። አንዲት ልጅ ኮረዳነት ዘግይቶባት ማሽተትም የማትችል ከሆነ ከሁለት ሕመም ይልቅ አንዱን ፈልጉ። «ቡና ሲቆላ ከጓዳ ሆነሽ ይሸትሻል?» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ ዘግታ የተፈጨ ቡና፣ ቀጥሎ ብርቱካን ልጣጭ አሽትቷት፤ ስሙን ትንገራችሁ፣ ሌላኛውንም እንዲሁ። በበርበሬ ወይም በአልኮል አትሞክሩ። እነሱ አፍንጫን በሌላ ነርቭ ያቃጥላሉ፣ ማሽተት የማትችለውም «ተሰማኝ» ትላለች። ብዙዎቹ ከልደታቸው ጀምሮ ሸትቷቸው ስለማያውቅ እንደጎደላቸው አያውቁትም፤ ካልተጠየቁ አይናገሩም።

እንዲሁም የእይታ ወሰኗን እዚያው ወንበር ላይ መመርመር ትችላላችሁ። በአንድ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ አንድ ዓይኗን ትሸፍን፣ አፍንጫችሁን እያየች ጣታችሁን ከጎን ወደ መሐል አምጡ። ፒቱታሪ አካባቢ ያለ እባጭ የዓይን ነርቮች የሚሻገሩበትን ቦታ ከሥር ሲጫን መጀመሪያ የሚጠፋው የሁለቱ ዓይኖች የውጭ ጎን ነው። እንዲህ ያለ ሰው የበር መቃን ይገጨዋል፣ ከጎኑ የሚመጣ ባጃጅ አያይም።

የምለምናችሁ ግን ወር አበባ እንዲመጣ ብላችሁ የወሊድ መከላከያ እንክብል እንዳትጀምሩላት። ኮረዳነትን የሚያስጀምረው ኢስትራዲዮል በትንሹ፣ በቀን ከ0.25 እስከ 0.5 ሚ.ግ.፣ ተጀምሮ በ2 እና 3 ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ፕሮጄስትሮን የሚከተለው በኋላ ነው። ሙሉ መጠን ቶሎ ከተሰጣት ጡቷ ቅርፁን ሳይዝ ይቀራል፣ የአጥንት ጫፎቿም ቀድመው ይዘጋሉ።

መልስ 5፦ ሳይካትሪ ክፍል

ወንዶቹም ከዚሁ ወገን ናቸው፣ ግን ወር አበባ ስለሌላቸው ምልክታቸው አይታይም፣ እነሱም አይናገሩም። ቴስቶስተሮን ይወርዳል፣ ብልት አይቆምም፣ ፍላጎት ይጠፋል፤ ጎረምሶች ላይ ጡት ያብጣል። «ብዙ ሰዎች ይህን መድኃኒት ሲወስዱ በወሲብ በኩል ለውጥ ያያሉ፣ አንተስ?» ብላችሁ እናንተ ጀምሩት። ኪኒኑን በድብቅ የሚጥለው ብዙ ሰው ምክንያቱ ይህ ነው። ከዚህ የተለየና አስቸኳይ የሆነው ክሎርፕሮማዚን ወይም ሪስፔሪዶን በሚወስድ ሰው ላይ ብልቱ ያለ ፍላጎት ቆሞ ከ4 ሰዓት በላይ ሲቆይ ነው፤ ያ ሳይነጋ ሆስፒታል መድረስ አለበት፣ አለዚያ ሥጋው ይጎዳል።

ጠያቂ

የመጨረሻ ልጠይቅ። በየወሩ ፍሉፌናዚን መርፌ 25 ሚ.ግ. የምትወጋ ሴት ብትኖረኝ፣ መርፌው ሲቋረጥ ወር አበባዋ በስንት ጊዜ ይመለሳል?

መልስ 3፦ ፋርማሲስት

ኪኒን ሲቆም ፕሮላክቲኑ በጥቂት ቀናት፣ ቢዘገይ በ3 ሳምንት ገደማ ይወርዳል። መርፌው ግን በዘይት ተሟሟቶ ጡንቻ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፤ እስከ 6 ወር ድረስ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን መርፌ ቀን ካርዷ ላይ ጻፊው፣ ፕሮላክቲኑን በ3ኛውና በ6ኛው ወር ድገሚ። ከ6 ወር በኋላም ካልወረደ ኤምአርአይ ይታዘዝላት። መከላከያውን ግን ከዛሬ ጀምሪላት።